አቡበክር አል-ራዚ፦ ሳይጠይቅ የቀረውን ጥያቄ የመዘገበው ሐኪም

አዳማ ውስጥ በመምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ክረምቱ አልፎ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ የስም መጥሪያ ደብተሬ በቀሪዎች ይሞላ ነበር። ተማሪው ሲመለስ ለምን እንደቀረ ስጠይቀው መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ወባ። አንዳንዱ በእርግጥ ደሙን ተመርምሮ የመጣ ነው። ሌላው ግን ሰውነቱ ሲያተኩስ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ወባ ነው ስላለው ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ የዋጠ ነው። ካልተሻለው ደግሞ የበሽታው ስም ይቀየርና ታይፎይድ ይሆናል፤ ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ከመተሐራ እስከ ዝዋይ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ወባ እውነተኛ ጠላት ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን የሚያተኩሰው ሁሉ ወባ አይደለም።

ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ከ1,100 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ሐኪም ነው። እርሱም ትኩሳት የያዘው ሰው ቀርቦለት ከአንድ በላይ በሽታ ጠርጥሮ ተቸግሯል። መጨረሻ ላይ እውነቱ ሲገለጥም መጠየቅ ሲገባው ያልጠየቀውን ጥያቄ በገዛ እጁ ጽፎ ለተማሪዎቹ ትቷል። ይህ ሰው አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አል-ራዚ ማለት የረይ ከተማ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በመድረሳ የምናውቃቸው የተፍሲር ሊቅ ፈኽሩዲን አል-ራዚ ሌላ ናቸው፤ ያረፉት በ606 ዓመተ ሂጅራ ነው። የሐዲሡ ሊቅ ኢብን አቢ ሐቲም አል-ራዚም ሌላ ናቸው። የዛሬው ባለታሪካችን ሐኪሙ አል-ራዚ ነው።

አል-ራዚ የተወለደው በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ነው። የትውልድ ከተማው ረይ ዛሬ ቴህራን ካለችበት አጠገብ የነበረች፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያልፍ ነጋዴ ሁሉ የሚያርፍባት ትልቅ ከተማ ነበረች። በወጣትነቱ ዘመን ሙዚቃንና የኬሚያ ጥበብን ይወድ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ወደ ሕክምና የገባው ዘግየት ብሎ ነው። ከገባ በኋላ ግን ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ ትጋት አሳየ። በረይ የነበረውን ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ በኃላፊነት መራ፤ ቀጥሎም በዓባሲያ ኸሊፋዎች መዲና በባግዳድ እንዲሁ ሆስፒታል መርቷል። ለረይ ገዥ ለመንሱር ኢብን ኢስሐቅ የጻፈው አል-መንሱሪ የተሰኘው የሕክምና መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለመቶዎች ዓመታት ተምረውበታል።

ስለ እርሱ በየመድረኩ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሡልጣኑ ዐዱድ አል-ደውላ በባግዳድ ሆስፒታል ሊያሠራ ፈልጎ ቦታ እንዲመርጥለት አል-ራዚን ጠየቀው፤ እርሱም ጥሬ ሥጋ በየሰፈሩ አሰቅሎ ሥጋው ዘግይቶ የሸተተበትን ቦታ መረጠ ይባላል። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ግን ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። ዐዱድ አል-ደውላ የተወለደው አል-ራዚ ከሞተ በኋላ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሆስፒታልም የተከፈተው በ372 ዓመተ ሂጅራ ነው። አል-ራዚን ለማወደስ ይህ አያስፈልገንም። የዕለት ተዕለት ሥራው ራሱ በቂ ነው።

የዕለት ሥራው ምን ይመስል ነበር? ከእርሱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የጻፈው ኢብን አን-ነዲም እንዳስቀመጠው፣ አል-ራዚ ሲቀመጥ ተማሪዎቹ በክብ በክብ ሆነው ከፊቱ ይቀመጣሉ። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው በውጭ በኩል ያሉትን ጀማሪዎች ነው። ሕመሙን ነግሯቸው ካወቁት እነርሱ ይመልሱለታል። ካላወቁት ወደ ቀጣዮቹ፣ ወደ በሰሉት ያልፋል። እነርሱንም ካቃታቸው ጉዳዩ ከራሱ ከአል-ራዚ ዘንድ ይደርሳል። ዛሬ በሽተኛ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል በሪፈር የሚሄድበት አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቀላሉ ጉዳይ በቅርብ ያልቃል፤ ከባዱ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ሲያየን ዶክተሩ ናቀን ብለን የምንቆጣ ሰዎች ይህን ሥርዓት ብናስታውስ ጥሩ ነው። አንጋፋው ሐኪም ጊዜውን ለከባዱ ጉዳይ የሚያገኘው ቀላሉን ሌሎች ሲያቃልሉለት ነው።

ያው ጸሐፊ አል-ራዚ ለድሆች በጣም ርኅሩኅ እንደነበረ ይመሰክራል። ለድሃ በሽተኛ የሚበላውን ይቆርጥለት፣ የሚያስታምመውም ሰው ያዘጋጅለት ነበር። ሐኪም ለማይደርስበት ሰው የሚሆን መጽሐፍም ጽፏል፤ ስሙም ሐኪም በአጠገቡ ለሌለው ሰው የሚል ትርጉም አለው። በዚህ መጽሐፍ ድሃውና መንገደኛው በየቤቱና በየገበያው ከሚያገኘው ነገር እንዴት ራሱን እንደሚረዳ ያስተምራል። በመድኃኒት አሰጣጥ ረገድም በምግብ ማዳን እየተቻለ ወደ መድኃኒት እንዳይኬድ፣ በአንድ ቅመም ማከም እየተቻለም ብዙ ነገር የተደባለቀበት መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አል-ራዚ ብዙ ጽፏል፤ አል-ቢሩኒ የሥራዎቹን ዝርዝር ሲያዘጋጅ 184 ርዕሶችን ቆጥሯል። ከሁሉም የሚያስደንቁኝ ግን የዕለት ማስታወሻዎቹ ናቸው። አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ ሥራ ከመሞቱ በፊት ለሕዝብ ብሎ ያዘጋጀው መጽሐፍ አልነበረም፤ ያነበበውንና ያየውን የሚመዘግብበት የግል ማስታወሻው ነበር። ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1279 ወደ ላቲን ተተረጎመ። ከዚህ ሌላ ተማሪዎቹ የሰበሰቡት፣ ወደ 900 የሚጠጉ በሽተኞችን ጉዳይ የያዘ መዝገብም ደርሶናል።

እነዚህን መዝገቦች የሚያይ ሰው የሐኪም ቀን ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ ይረዳል። አንዱ ዓይኑን ታሟል፤ ሌላው ራስ ምታት አልለቀው ብሏል። አንዱ ሆዱን፣ ሌላው ቆዳውን ይላል። በጽጌረዳ ወቅት ሁሌ አፍንጫው ስለሚፈስስ የታወቀ ምሁር፣ ስለ አቡ ዘይድ አል-በልኺ፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል፤ ዛሬ አለርጂ የምንለው መሆኑ ነው። አንዱ ጋር የሠራው ለሌላው አይሠራም። በማስታወሻዎቹ ውስጥ የሚታየው ሕክምናም በትልልቆቹ የንድፈ ሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ካለው ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ ምክንያቱም በሽተኛው መጽሐፍ አንብቦ አይታመምም።

የእኛንም አካባቢ እንመልከት። አዳማ ላይ አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት ምን ሊያይ እንደሚችል አስቡት። ከመተሐራ በኩል የመጣ የከረዩ አርብቶ አደር በአፋን ኦሮሞ ሕመሙን ይናገራል። ስኳር ያለባት እናት የረመዷንን ጾም መጾም ትችል እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እዚህ ላይ ሐኪሙና የመስጂዱ ኢማም ተደጋግፈው የሚመልሱት ጥያቄ አለ። ከመኪና አደጋ የወጣ ወጣት በአልጋ እየተገፋ ይገባል። ወገቡና ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ሽማግሌ ከወንጂ ይመጣል። ለእኚህ አባት የሚጠየቀው ጥያቄ ለሌላው ከሚጠየቀው ይለያል፤ በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ቦታዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ ያንን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ከመበለዝ አልፎ አጥንቱም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ የት አደጉ፣ የምን ውሃ ጠጡ ብሎ ካልጠየቀ ዕድሜ ነው ብሎ ሊያልፈው ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሚያተኩሰው ልጅ ይገባል።

አል-ራዚ ጋርም የሚያተኩሰው ሰው ገብቶ ነበር። ስሙ ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ ነው። ትኩሳቱ ሥርዓት የለውም፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ ቀን እየዘለለ፣ አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ ሲሻው እስከ ስድስት ቀን እየቆየ ይመጣል። ከትኩሳቱ በፊት ትንሽ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ይመጣበታል። ዛሬ ወባ የምንለው በየተወሰነ ቀን የሚመላለስ ትኩሳት በዚያ ዘመን ሐኪሞች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነበር። ስለዚህ አል-ራዚ ሁለት ነገር ጠረጠረ፤ ወይ ትኩሳቱ ሁለት ቀን እየዘለለ ወደሚመጣው ዓይነት ይለወጣል፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ኩላሊቱ ውስጥ ቁስለት አለበት። ብዙም ሳይቆይ ከሰውየው ሽንት ጋር መግል ወጣ። ነገሩ የኩላሊት ነበር።

አል-ራዚ እዚህ ላይ ድሉን ጽፎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ከጠረጠረው አንዱ ትክክል ሆኗልና። እርሱ ግን መጀመሪያውኑ በእርግጠኝነት ከመናገር ምን እንዳገደው አንድ በአንድ ጻፈ። ሰውየው ቀድሞም በየጊዜው የሚመላለስ ትኩሳት ይዞት ስለሚያውቅ የአሁኑም ከዚያው ይመስል ነበር። ሰውየው ሲቆም ወገቡ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ያለ ያህል እንደሚሰማው አልነገረውም፤ አል-ራዚም አልጠየቀውም። ቶሎ ቶሎ መሽናቱ ጥርጣሬውን ሊያጠነክርለት በተገባ ነበር፤ የሰውየው አባት የፊኛ ድካም እንደነበረበት፣ ልጁም ጤነኛ ሳለ ይህ ይታይበት እንደነበር የሚገልጸውን የቤተሰብ ታሪክ ግን በጊዜው አላወቀም። መግሉ ከወጣ በኋላ ስለ ወገቡ ሲጠይቀው ሰውየው አዎን፣ ይሰማኝ ነበር አለ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መግሉ እስኪጠራ ሰጠው፤ ከዚያም ዕጣንን የመሳሰሉ ነገሮች አስከተለለት። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ በአላህ ፈቃድ ዳነ።

በዚያ ዘመን ስሙ ከፋርስ እስከ ባግዳድ የገነነ ሐኪም፣ በሽተኛው ድኖለትም ሳለ፣ ሳይጠይቅ የቀረውን ጥያቄ መዝግቦ ማስቀመጡ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ባይጽፍ ማንም አያውቅበትም ነበር። የጻፈው ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሐኪም እንዲጠይቅ ነው። የሐኪም ሙያ ከባዱ ክፍል የመድኃኒት ስም ማወቅ አይደለም። ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ከሚመጡ ሰዎች መካከል የማንኛው ምን እንደሆነ መለየት ነው፤ መለያውም ጥያቄ፣ ምርመራና ትዕግሥት ነው።

ይኸው መለየት በሌላም ሥራው ይታያል። ፈንጣጣንና ኩፍኝን አንድ ላይ ይዞ በራሱ መጽሐፍ የጻፈው አል-ራዚ ነው። ሁለቱም በትኩሳት ጀምረው ቆዳ ላይ ይወጣሉ፤ ወላጅ በቀላሉ አይለያቸውም። እርሱ ግን ሽፍታው ሳይወጣ የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ እንደሚብስ አስተውሎ ጻፈ። ከዓለማችን ፈንጣጣ ጠፍቷል፤ አገራችን ከመጨረሻዎቹ አንዷ ስትሆን የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ኩፍኝ ግን እስከ ዛሬ ልጆቻችንን ይይዛል፤ ክትባቱም በየጤና ጣቢያው አለ።

ለታላላቆች የነበረው አቋምም ትምህርት ይሰጣል። የግሪኩ ጃሊኖስ በዘመኑ በሕክምና ውስጥ ሊነካ የማይችል ስም ነበር። አል-ራዚ ከእርሱ ብዙ እንደተማረ አምኖ፣ ነገር ግን በሆስፒታል ያያቸው በሽተኞች ከጃሊኖስ ቃል ጋር ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይህንኑ ጻፈ፤ በጃሊኖስ ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎች የያዘ መጽሐፍም አዘጋጀ። በሕክምና ውስጥ ጭፍን ተቅሊድ በሽተኛውን እንደሚጎዳ ገብቶታል። የአንጎል ሽፋን ብግነት በሚያሰጋቸው ሰዎች ላይ ከደም ሥር ደም ማውጣት ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅም፣ ለአንዱ ቡድን አድርጎ ሌላውን ቡድን ሆን ብሎ ተወና ውጤቱን አነጻጸረ። በዛሬ ሚዛን የበሽተኞቹን ፈቃድ የሚመለከት ጥያቄ ይነሣበታል፤ ሕክምናውም ዛሬ አይሠራበትም፤ ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። ማነጻጸር የሚለው ሐሳብ ግን የዛሬው የመድኃኒት ሙከራ ሁሉ የቆመበት ነው።

አል-ራዚ የተማረረበት ነገርም ነበር። ጎበዝ ሐኪም እንኳ ሁሉንም በሽታ ማዳን እንደማይችል፣ ሰዎችም ለምን አዋቂውን ትተው ወደ አታላዩ እንደሚሄዱ የሚያብራሩ ጽሑፎች ጽፏል። እውነተኛው ሐኪም አላውቅም፣ እንጠብቅ፣ እንመርምር ይላል፤ አታላዩ ግን ወዲያው ስሙን ጠርቶ መድኃኒቱን ይሸጣል። የተጨነቀ ሰው የሚወደው ፈጣኑን መልስ ነው። በሽተኛው ከሐኪም ሐኪም እየዘለለ ሲሄድ የሁሉንም ስሕተት እንደሚሰበስብ፣ የሚታመን አንድ ሐኪም ይዞ መጽናት እንደሚሻለው መምከሩም ከዚሁ ነው። ይህ ምክር ለእኛ የተጻፈ ይመስላል።

የእምነት ጉዳይም ይነሣል፤ መዝለል ተገቢ አይደለም። ስለ ነቢያት መልካም ያልሆነ ንግግር ተናግሯል የሚል ክስ ይቀርብበታል። ክሱ በዋናነት የመጣው ከተከራካሪው ከኢስማዒሊያው ሰባኪ ከአቡ ሐቲም መጽሐፍ ሲሆን፣ ንግግሩ በእርግጥ የእርሱ ስለመሆኑ ተመራማሪዎች ይለያያሉ። የእኛ ሚዛን ግልጽ ነው፤ ዐቂዳችንን የምንይዘው ከቁርኣንና ከሱና ነው፣ ከሐኪም አይደለም። ሕክምናውን ደግሞ ሙስሊሞች ለመቶዎች ዓመታት ተጠቅመውበታል። እውነተኛ ጥቅም ከማንም ቢመጣ መቀበል፣ ስሕተትን ደግሞ ከማንም ቢመጣ መተው የዑለማዎቻችን መንገድ ነው።

በዕድሜው መጨረሻ ዓይኑ ታመመ፤ ሌት ተቀን ማንበብና መጻፉ እንደጎዳው የሚናገሩ አሉ። የዓይን ሞራውን እንዲያስገፍ ሲነገረው፣ ሊያክመው የመጣውን ሰው ስለ ዓይን ሽፋኖች ጠይቆት አጥጋቢ መልስ ሲያጣ ሕክምናውን እንደተወው፣ ዓለምንም በቂ አይቻለሁ ማለቱ ይወራል። ወሬው እውነት ከሆነ የሕይወቱን ጠባይ ጠብቆ ኖሯል፤ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። አል-ቢሩኒ እንደመዘገበው በትውልድ ከተማው በረይ በሻዕባን 313 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 925) ሞተ።

ወደ አዳማ ስም መጥሪያ ደብተር እንመለስ። መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ሰበብ ማድረስ ከእኛ፣ ሺፋእ ከአላህ ነው። ነገር ግን ሰበብ ማድረስ ማለት በሽታውን ራሳችን ሰይመን መድኃኒት መግዛት አይደለም። ደም ሳይመረመር የተዋጠ የወባ መድኃኒት ኩላሊቱን የታመመውን ልጅ ቀኑን ያባክንበታል፤ እውነተኛ ወባ ያለበትንም በመጠን ስሕተት ያጠፋዋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ወባ አለብኝ ብለን አንጀምር። መቼ እንደጀመረን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ከየት እንደመጣን፣ ምን መድኃኒት ቀድመን እንደዋጥን፣ በቤተሰባችን ምን እንዳለ እንንገረው። የሚያሳፍረን የሽንት ነገር ቢሆንም አንደብቀው። ሐኪሞቻችንም፣ ወረፋው ቢረዝምም፣ ያችን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አይዝለሏት። ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ ስለ ወገቡ የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ ኖሮ መልሱ ዝግጁ ነበር።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይሸፍልን፣ ለሐኪሞቻችንም ማስተዋልን ይስጣቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።